ነርቭ በማዛወር ቀዶ ጥገና የዛለ እጅን መልሶ ማንቀሳቀስ፦ ከአደጋው ቀን እስከ ልምምዱ መጨረሻ

ከሞተር ሳይክል ወድቆ ትከሻው የተመታ ሰው አጥንቱ ይጠገናል፣ ቁስሉ ይሽራል፣ ክንዱ ግን እንደተንጠለጠለ ይቀራል። «ታገስ፣ ቀስ እያለ ይመለሳል» ይሉታል። ይታገሳል። ዓመት አልፎት ትክክለኛው ሐኪም ዘንድ ሲደርስ «ቀደም ብለህ ብትመጣ ኖሮ» ይባላል። ሌላው ደግሞ በጊዜው ይደርሳል፣ ቀዶ ጥገናውንም ያደርጋል። ከዚያ «ምንም ለውጥ የለም» ብሎ ሦስተኛው ወር ላይ ልምምዱን ይተዋል፤ ነርቩ ጡንቻው ደጃፍ ሊደርስ ሲል ማለት ነው።

ይህ መመሪያ ለሁለቱም ነው፤ ለአስታማሚዎችም ጭምር። ምሳሌ የማደርገው በብዛት የሚያጋጥመውን ዓይነት ጉዳት ነው፦ ትከሻ አይነሳም፣ ክርን አይታጠፍም፣ ጣቶች ግን ይሠራሉ።

በቅድሚያ ይህን ይረዱ

እጅን የሚያንቀሳቅሱት ነርቮች ከአንገትና ከደረት መነሻ በ5 ሥሮች ይወጣሉ። ሰው ሲወድቅ ጭንቅላቱ ወደ አንድ ጎን፣ ትከሻው ወደ ሌላ ጎን ከተጎተተ የላይኞቹ ሥሮች ይለጠጣሉ ወይም ይበጠሳሉ። ከአከርካሪው ላይ ከነሥሩ ከተነቀለ ደግሞ መልሶ መስፋት አይቻልም።

ነርቭ ማዛወር የሚባለው መብራት ሲቋረጥ ከጎረቤት ቆጣሪ መስመር እንደ መሳብ ነው። ከሚሠራ ነርቭ ውስጥ አንድ ወይም ሁለት ክር ይወሰድና ወደ ዛለው ጡንቻ በሚገባው ነርቭ ላይ ይሰፋል። ጎረቤቱ ጨለማ ውስጥ እንዳይቀር ሁሉንም አይወስዱበትም።

ሁለት ቁጥሮችን ይያዙ። ነርቭ የሚያድገው በቀን 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ነርቭ የተቋረጠበት ጡንቻ ደግሞ ከ12 እስከ 18 ወር ባለው ጊዜ ውስጥ አዲስ ነርቭ የመቀበል አቅሙን ያጣል። አንገት ላይ የተጠገነ ነርቭ ክንድ ጡንቻ (ክርን የሚያጥፈው) ለመድረስ 25 ሴንቲ ሜትር ቢቀረው 250 ቀን ይፈልጋል። ነርቭ ሲዛወር ግን ስፌቱ ከጡንቻው በጥቂት ሴንቲ ሜትር ርቀት ላይ ስለሚሆን መንገዱ ያጥራል። ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው።

ደረጃ 1፦ የተጎዱበትን ቀን ይጻፉ

1. የአደጋውን ቀን በኢትዮጵያም በአውሮፓም አቆጣጠር በአንድ ወረቀት ላይ ይጻፉ። ቀልድ አይደለም። እርስዎ «ጥቅምት» ይላሉ፣ የምርመራው ወረቀት በአውሮፓ አቆጣጠር ይመጣል፣ መሃል ላይ ወር ይጠፋል።
2. ከዚያ ቀን ጀምሮ 3ኛውን ወር፣ 6ኛውን ወር እና 9ኛውን ወር ያስምሩ።
3. 3ኛው ወር ሲደርስ የክንድ ጡንቻው ትንሽ እንኳ ካልተንቀሳቀሰ ነርቭ የሚሠራ ቀዶ ሐኪም ፊት መቅረብ አለብዎት። ቀዶ ጥገናው በ6 ወር ውስጥ ቢሆን ይመረጣል። ከ9 ወር በኋላ ዕድሉ እየጠበበ ይሄዳል።

ማሳሰቢያ፦ በቢላ፣ በጠርሙስ ወይም በመስታወት ተቆርጦ ወዲያው የዛለ እጅ ወር አይጠብቅም። በቀናት ውስጥ ተከፍቶ መታየት አለበት። 3 ወር መጠበቅ የሚባለው ቆዳ ሳይከፈት በመጎተት ወይም በመመታት ለመጣ ጉዳት ነው።

ደረጃ 2፦ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እጁን ይጠብቁ

1. ክንዱን በማንገቻ ይያዙ። ጡንቻ ያልያዘው ትከሻ በክንዱ ክብደት እየተጎተተ ከቦታው ይወርዳል።
2. በቀን 3 ጊዜ ማንገቻውን ያውልቁ። በደህናው እጅዎ ወይም በአስታማሚ እርዳታ ትከሻውን፣ ክርኑን፣ የእጅ አንጓውን እና እያንዳንዱን ጣት ቀስ አድርገው እስከሚሄዱበት ድረስ ያንቀሳቅሱ። እያንዳንዱን 10 ጊዜ። ስብራት ካለ ግን መጀመሪያ ሐኪሙን ያስፈቅዱ።
3. የደነዘዘውን ቆዳ በየማታው በዓይን ይመርምሩ። ከሰል ምድጃ፣ ጀበና፣ ምጣድ አጠገብ ያንን እጅ አያቅርቡ። ሰው ተቃጥሎ ጠረኑን ሰምቶ የሚነቃበት ጊዜ አለ።

ወጌሻ ጋ ሄዳችሁ እንደሆነ አልቆጣም፤ ብዙ ሰው የሚሄደው ቅርብ ስለሆነና ስለሚያምነው ነው። ግን ሁለት ነገር አይፍቀዱ። አንደኛ፣ በሸምበቆና በጨርቅ ጥብቅ አድርጎ ማሰር። የደም ዝውውር ዘግቶ የቀረውንም ጡንቻና ነርቭ ሊገድል፣ እጅ እስከማስቆረጥ ሊያደርስ ይችላል። ሁለተኛ፣ የዛለን ክንድ በኃይል መጎተት። በቅቤ ለስለስ አድርጎ ማሸት ቆዳ አይጎዳም፤ የተበጠሰ ነርቭ ግን አያቀጥልም። የቢ ቫይታሚን መርፌም እንደዚሁ ነው። ገንዘብዎን ለምርመራው ያስቀምጡ።

ደረጃ 3፦ ምርመራውን በትክክለኛው ሰዓት ያድርጉ

1. ኢኤምጂ የሚባለውን የነርቭና የጡንቻ ምርመራ ከአደጋው 3 ወይም 4 ሳምንት በኋላ ያድርጉ። ከዚያ በፊት የተሠራ ኢኤምጂ የተቆረጠን ነርቭ ጤናማ ሊያስመስል ይችላል። በ5ኛው ቀን ተሠርቶ «ደህና ነው» የተባለ ወረቀት ይዞ ወራት የሚያባክን ሰው አለ።
2. በ3ኛው ወር አካባቢ ይድገሙት። አንዱ ውጤት ብቻውን ብዙ አይናገርም፤ ሁለቱን ማነጻጸር ነው የሚጠቅመው።
3. የአንገት ኤምአርአይ ከታዘዘ ያድርጉ። ነርቩ ከአከርካሪ መነቀል አለመነቀሉን ይጠቁማል።
4. መስታወት ፊት ቆመው ዓይንዎን ይዩ። በተጎዳው በኩል የዓይን ቆብ ዝቅ ብሎ፣ ብሌኑም ከሌላው ካነሰ ለሐኪሙ ይንገሩ። የታችኞቹ ሥሮች የመነቀላቸው ምልክት ሊሆን ይችላል።

ሐኪሙ የጡንቻ ጉልበት ከ0 እስከ 5 ይሰጣል። 0 ምንም የለም፤ 1 ጡንቻው ይርገበገባል፣ መገጣጠሚያው ግን አይንቀሳቀስም፤ 2 ጠረጴዛ ላይ ተደግፎ ይንቀሳቀሳል፤ 3 ያለ ድጋፍ ክብደቱን ችሎ ይነሳል፤ 4 ተጨማሪ ጭነት ይችላል፤ 5 ሙሉ ነው። ቁጥሩን ጠይቀው በዚያችው ወረቀት ላይ ይጻፉት። «ትንሽ ተሻለኝ» ከማለት «በመስከረም 0 ነበር፣ አሁን 1 ነው» ማለት ይሻላል።

ደረጃ 4፦ ከሐኪሙ ጋር ምርጫውን ይነጋገሩ

የሚፈልጉት የእጅ ቀዶ ሐኪም፣ የፕላስቲክ ቀዶ ሐኪም፣ የአጥንት ቀዶ ሐኪም ወይም የነርቭ ቀዶ ሐኪም ሊሆን ይችላል። ከማዕረጉ ይልቅ «ነርቭ በማይክሮስኮፕ ይሠራሉ?» የሚለው ጥያቄ ይበልጣል። «አልሠራም» ካለ ሪፈር ወደ ማን እንደሚጽፍልዎት በዚያው ቀን ይጠይቁ።

በብዛት የሚሠሩት እነዚህ ናቸው፦

- ክርን ለማጠፍ፣ ጣቶች የሚሠሩ ከሆነ፦ ወደ ትንሿ ጣት በሚወርደው ነርቭ ውስጥ ካሉት ክሮች አንዱ ወይም ሁለቱ ተወስዶ ከክንድ ጡንቻው ነርቭ ጋር ይሰፋል። ኦበርሊን የሚባለው ነው።
- ክርን ለማጠፍ፣ እጅ በሙሉ የዛለ ከሆነ፦ ከጎድን አጥንቶች መካከል የሚያልፉ 2 ወይም 3 ነርቮች ይወሰዳሉ።
- ትከሻ ለማንሳት፦ ትከሻን ወደ ላይ ከሚነቀንቀው ነርቭ ቅርንጫፍ ይወሰዳል፤ ብዙ ጊዜ ክርን ከሚዘረጋው ጡንቻ ነርቭ ቅርንጫፍም ይጨመራል።
- የእጅ አንጓ ወደ ታች ሲንጠለጠል፦ አንጓንና ጣቶችን ከሚያጥፉት ነርቭ ቅርንጫፎች ይዛወራል።

እግር ሲንጠለጠልም ይሞከራል፤ ውጤቱ ግን እንደ ክንዱ አስተማማኝ አይደለም። ሐኪም ለእግር እርግጠኛ ሆኖ ቃል ከገባልዎት ሁለተኛ አስተያየት ይጠይቁ።

እነዚህን አራቱን ሳይጠይቁ አይውጡ፦ ከየትኛው ነርቭ ነው የሚወሰደው? እዚያ ምን አጣለሁ? የመጀመሪያ እንቅስቃሴ በስንት ወር ይጠበቃል? ካልሠራስ ቀጥሎ ምን አለ?

ሲወለድ ክንዱ የተጎዳ ሕፃን ካለዎት መንገዱ ይለያል። በ3 ወሩ ክርኑን ማጠፍ ካልጀመረ ስፔሻሊስት እንዲያየው ይውሰዱት፤ «ሲያድግ ይተወዋል» የሚለውን አይስሙ።

ደረጃ 5፦ ከቀዶ ጥገናው በፊት ይለማመዱ

ይህን ሁሉም ሰው ይዘለዋል፤ በኋላ ግን ዋጋ ያስከፍላል። ነርቩ የሚመጣው ሌላ ሥራ ከለመደ ቦታ ነው። ስለዚህ ያንን የድሮ ሥራ አሁኑኑ አጥርተው ይወቁት።

1. ለኦበርሊን፦ ጡጫ ይጨብጡ፤ አንጓዎን ወደ መዳፍና ወደ ትንሿ ጣት በኩል ያጥፉ። በፊት ክንድዎ ውስጠኛ ጎን የሚወጠረውን በሌላው እጅ ጣት ይዳስሱ። ከዚያ የሚወሰደው ክር የሚሠራው ይህንን ነው።
2. ከጎድን ነርቭ ከሆነ፦ በረጅሙ ወደ ውስጥ መተንፈስንና መያዝን ይለማመዱ።
3. ከትከሻ ነርቭ ከሆነ፦ ትከሻዎን ወደ ጆሮ ማንሳትና ወደ ኋላ መሳብን ይለማመዱ።
4. የደረቀ መገጣጠሚያ ካለ ከቀዶ ጥገናው በፊት ፊዚዮቴራፒ ይጀምሩ። ነርቩ ቢድንም የደረቀ ክርን አይታጠፍም።
5. ሲጋራ ያቁሙ። የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ለሰመመን ባለሙያው ይንገሩ።
6. ከክፍለ ሀገር የሚመጡ ከሆነ የመኝታና የደርሶ መልስ ትራንስፖርት ብቻ ሳይሆን በአካባቢዎ ፊዚዮቴራፒ የሚሰጥ ሆስፒታል የትኛው እንደሆነ ከአሁኑ ያጣሩ። ቀዶ ጥገናው የአንድ ቀን ጉዳይ ነው፣ ልምምዱ ግን ከዓመት በላይ ይወስዳል።

ደረጃ 6፦ የመጀመሪያዎቹ 3 ሳምንታት

ነርቩ የተሰፋው ከፀጉር በቀጠነ ክር ነው። በዚህ ጊዜ ሥራዎ አንድ ነው፦ እንዳይለጠጥ መጠበቅ።

1. ማንገቻውን ሐኪሙ ካዘዘው ቀን በፊት አያውልቁ። ለኦበርሊን ብዙ ጊዜ ከ1 እስከ 3 ሳምንት ነው። ከጎድን ነርቭ ከተዛወረ ከዚያ ይረዝማል፤ ክንድዎን ከጎንዎ ርቆ ወደ ላይ እንዳያነሱ በጥብቅ ይነገርዎታል። ልብስ ሲያለብሱዎት የተጎዳውን እጅ በቅድሚያ ያስገቡ፤ ሲያወልቁ በመጨረሻ።
2. ጣቶችዎን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያንቀሳቅሱ፤ እብጠት ይቀንሳል።
3. ቁስሉን ደረቅ አድርገው ይያዙ።

ትንሿ ጣት ላይ መውረር ወይም መደንዘዝ ቢሰማዎት ከኦበርሊን በኋላ የተለመደ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ በሳምንታት ውስጥ ይለቃል። ትኩሳት፣ መግል፣ እየጨመረ የሚሄድ እብጠት፣ ወይም የሚሠሩ የነበሩ ጣቶች መዛል ካዩ ግን ቀጠሮ አይጠብቁ፤ በዚያው ቀን ይሂዱ። ከጎድን ነርቭ ተወስዶ ትንፋሽ ካጠረዎትም ያው ነው።

ደረጃ 7፦ ምንም የማይታይባቸው ወራት

ብዙ ሰው የሚያቋርጠው እዚህ ነው። ከኦበርሊን በኋላ የመጀመሪያው መርገብገብ ከ3 እስከ 6 ወር ባለው ጊዜ ውስጥ ይጠበቃል። እስከዚያ ጡንቻው ዝም ይላል። ዝም ማለቱ ሞቷል ማለት አይደለም፤ ነርቩ መንገድ ላይ ነው።

1. ደረጃ 2 ላይ ያለውን የመገጣጠሚያ ማንቀሳቀስ በቀን 3 ጊዜ ይቀጥሉ።
2. በቀን ለ5 ደቂቃ ያህል በደህናው ክንድዎ ክርን እያጠፉ በተጎዳውም እያጠፉ እንደሆነ በሐሳብ ይከተሉ። ጡጫውንም አብረው ይጨብጡ። ጡንቻው ባይሰማም አንጎል መንገዱን ይዞ ይቆያል።
3. የሚያቃጥልና እንደ ኤሌክትሪክ የሚነዝር ሕመም ካለ ዝም ብለው አይቻሉት። ለነርቭ ሕመም የሚታዘዙ እንደ ጋባፔንቲንና አሚትሪፕቲሊን ያሉ መድኃኒቶች አሉ። ያለ ሐኪም አይጀምሩ፤ ጋባፔንቲንን ደግሞ ባንዴ አያቁሙ። እንቅልፍ እንቅልፍ ስለሚል መንዳት ላይ ይጠንቀቁ።

ደረጃ 8፦ ጡንቻው ሲነቃ

ከ3ኛው ወር ጀምሮ በየሳምንቱ አንድ ቀን ይፈትሹ። ዕለት ዕለት መፈተሽ ተስፋ ያስቆርጣል።

አፈታተሹ፦ ወንበር ላይ ይቀመጡ። ክንድዎን ጠረጴዛ ላይ ያሳርፉ፣ መዳፍ ወደ ላይ። የደህናው እጅ ሁለት ጣቶች ክንድ ጡንቻው መሃል ላይ ይረፉ። አሁን ጠበቅ አድርገው ጡጫ ይጨብጡና አንጓዎን ወደ ትንሿ ጣት በኩል ያጥፉ። ከጣቶችዎ ሥር ቆዳው ትንሽ ጠንከር፣ ፈታ ካለ ደርሷል። ዓይን ላያየው ይችላል፤ ጣት ግን ይሰማዋል።

ከተሰማዎት ቀን ጀምሮ ይህን ቅደም ተከተል ይያዙ፦

1. ጠረጴዛው እስከ ብብትዎ ከፍ ያለ ይሁን። ካልደረሰ ወንበሩን ዝቅ ያድርጉ። ከክንድዎ በታች የሚንሸራተት ጨርቅ ያንጥፉ። ክንዱ ጠረጴዛው ላይ ተኝቶ ሲንሸራተት ክብደቱን ጠረጴዛው ይሸከምለታል።
2. ጡጫ ይጨብጡ፣ አንጓውን ያጥፉ። ይህን እንደያዙ ክርንዎን ወደ ራስዎ ለመሳብ ይሞክሩ። ደህናው ክንድም አብሮ ያጥፍ።
3. ለ3 ሰከንድ ይያዙ። ለ6 ሰከንድ ሙሉ በሙሉ ይፍቱ። ዕረፍቱ ከሥራው እኩል አስፈላጊ ነው።
4. 10 ጊዜ ይድገሙ። በቀን 4 ወይም 5 ጊዜ ይመላለሱበት። አንድ ሰዓት ሙሉ ሠርቶ ጡንቻውን ከማድከም 5 ደቂቃ እየደጋገሙ መሥራት ይበልጣል። መርገብገቡ ከቀነሰ ደክሟል፤ ያቁሙ።
5. ጠረጴዛው ላይ ሙሉውን ማጠፍ ሲችሉ በደህናው እጅ ክንዱን አጥፈው ወደ ላይ ያድርሱትና ይልቀቁት። ለመያዝ፣ ካልሆነም ቀስ ብሎ እንዲወርድ ለማድረግ ይሞክሩ። ከመሳብ በፊት መያዝ ይመጣል።
6. ያለ ድጋፍ እጅዎ አፍዎ ከደረሰ ጉልበትዎ 3 ሆኗል ማለት ነው። ግማሽ ሊትር ውኃ በሃይላንድ ጠርሙስ ይያዙ። ሲቀልልዎት ወደ 1 ሊትር ይለፉ።

ከጎድን ነርቭ የተዛወረላቸው በጡጫው ምትክ በረጅሙ ተንፍሰው ይያዙ፤ ቅደም ተከተሉ ያው ነው። ሲያስነጥሱ ክርንዎ በራሱ ቢታጠፍ አይደንግጡ። መስመሩ ገብቷል።

ደረጃ 9፦ ሁለቱን ሥራ መለየት

መጀመሪያ ጡጫ ካልጨበጡ ክርኑ አይታጠፍም። ጽዋ ይዞ መጠጣት ግን ሁልጊዜ በጡጫ አይሆንም። ስለዚህ ጉልበቱ 3 ሲደርስ ጡጫውን ግማሽ ብቻ ጨብጠው ክርንዎን ያጥፉ። ከዚያ ጣቶችን ፈተው። ከዚያ እንጀራ እየቆረሱ፣ ልብስ እየቆለፉ፣ ከሰው እያወሩ። በወሬ መሃል ሳያስቡት ከታጠፈ አንጎል ተረክቦታል። ጉልበቱ እስከ 2 ዓመት ሊሻሻል ስለሚችል «ይኸው ነው» ብለው ቶሎ አይተዉት።

ነገሩ እንዳሰቡት ካልሄደ

*6 ወር አለፈ፣ ጡንቻው ዝም ነው።* ኢኤምጂ ያሠሩ። በዓይን የማይታይ መነቃቃት ካሳየ ልምምዱን ይቀጥሉ። 9 ወርም ሞልቶ ኢኤምጂውም ባዶ ከሆነ ከቀዶ ሐኪሙ ጋር ስለ ሌላ መንገድ ያውሩ።

*ሲያጥፉ ክርኑ ይርገፈገፋል ወይም አብሮ ይዘረጋል።* የሚያጥፈውና የሚዘረጋው ጡንቻ አንድ ላይ እየተነሱ ነው። ጭነቱን ይቀንሱ፣ ወደ ጠረጴዛው ይመለሱ፣ ቀስ ብለው ይሥሩ። ካልተለወጠ ለሐኪሙ ያሳዩ።

*የመጨበጥ ጉልበት ቀነሰ።* በመጀመሪያዎቹ ወራት ጥቂት መቀነስ ያጋጥማል። ስፖንጅ ወይም የተጠቀለለ ካልሲ እየጨመቁ ያጠናክሩት።

*ፊዚዮቴራፒ ራቀኝ።* ባለሙያውን በወር አንድ ጊዜ ያግኙና ልምምዱን እያሠራዎት በስልክ ቪዲዮ ያስቀርጹ። ቤት ውስጥ ቪዲዮውን እያዩ ይሥሩ። በኤሌክትሪክ ማነቃቂያ መሣሪያ ልምምዱን አይተኩት።

*ከዓመት ተኩል በኋላ ነው የደረስኩት።* ነርቭ ማዛወር አልፎ ይሆናል፤ ሕክምናው ግን አላለቀም። የሚሠራ ጡንቻን ጅማት ወደ ሌላ ቦታ ማዛወር፣ ከጭን ውስጠኛ ጡንቻ ከነደም ሥሩና ከነነርቩ ወስዶ ክንድ ላይ መትከል፣ የሚንከላወስ ትከሻን አጥንቶቹን አንድ ላይ አያይዞ ማጽናት አለ። እነዚህ እንደ ነርቩ ሰዓት አይቆጥሩም፤ መገጣጠሚያው ግን ልስልስ ሆኖ መቆየት አለበት። ቀጠሮ ሲሄዱ የአደጋ ቀን ያለበትን ወረቀት፣ ሁለቱንም ኢኤምጂ፣ የኤምአርአይ ሲዲውን ከነንባቡ እና የቀዶ ጥገና ማስታወሻ ካለ ኮፒውን ይዘው ይሂዱ።